መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደወሉ አድማጮች ከመጠጥ ሱስ ስለ መላቀቅና ስለ መረዳጃ ቡድኖች ላቀረቡት ጥያቄ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያው የሰጡት መልስ ነው።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ በፊልም እንደማየው፣ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበትን ቦታ ባሕር ዳር ውስጥ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ይህን ሳልጠየቅ የዋልኩበት ሳምንት የለም። ታፔላ የተሰቀለበት ቤት አይፈልጉ። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይመርመሩና፣ ከመጠጥ እየወጡ ያሉ ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን መኖሩን እዚያው ሳያፍሩ ይጠይቁ። ከሌለም ሐኪምዎ ፈቃደኛ ከሆነ ሌላ ታካሚ ጋር እንዲያገናኝዎት ይለምኑት፤ በዓለም የታወቀው ስም የለሾቹ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 በአሜሪካ፣ በአክሮን ከተማ የተጀመረው አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም ተገናኝተው ስለ መጠጣቸው በመነጋገራቸው ነው። ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ ቦታውም መጠጥ የማይሸጥበት ይሁን። በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ግን ቡድን ፍለጋው ከሐኪሙ አይቅደም።

ጥያቄ፦ መመዝገቢያው ስንት ብር ነው?

መልስ፦ ነጻ ነው፤ ለሻይና ለቤት ኪራይ የፈቀደ ያዋጣል፣ ያልፈቀደ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ስብሰባው የክርስቲያኖች ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ስለ ፈጣሪ ይነሳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ እምነት የሚረዳውን ማለት ነው፤ ለመግባት የሚጠየቀውም መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የማውቀው ሰው ቢያገኘኝስ?

መልስ፦ ያ ሰው እዚያ የተገኘው ለምን ይመስልዎታል? የሚጠራራው በመጠሪያ ስም ብቻ ነው፤ እዚያ የተሰማም ደጃፉን አይሻገርም። ደግሞስ ከመሸታ ቤት እየተንገዳገዱ ሲወጡ ያየዎት ሰው ወደ ስብሰባ ሲገቡ ቢያይዎት ምን ይቀርብዎታል? በመጀመሪያው ቀን «ለመስማት ነው የመጣሁት» ብለው መቀመጥ ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ፤ የእኛ ሰው ምክር መለገስ ይወዳል፣ በዚህ ስብሰባ ግን ሁሉም የሚናገረው ስለ ራሱ ነውና መምህርነትዎን ውጭ ትተው ይግቡ።

ጥያቄ (ከሐሙሲት)፦ ወንድሜ ለብዙ ዓመታት ጠዋትና ማታ አረቄ ይጠጣ ነበር። ቤተሰቡ መክረን በር ዘጋንበትና አስተውነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከግድግዳ ጋር ያወራል። ጸበል ወስደነው ከዚያ ቡድን ብናስገባውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን ዝጊና አሁኑኑ መኪና ፈልጊ፤ ወንድምሽ ዛሬ ሆስፒታል መድረስ አለበት። የቀራችሁት አድማጮች ደግሞ ስሙኝ፤ እንዲህ በር ዘግቶ በድንገት ማስተው ሰው ይገድላል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ድንዛዜውን ለመቋቋም ሲል ለዓመታት በኃይል መሥራት ይለምዳል፤ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ያ ኃይል ያለ ልጓም ይቀራል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከስድስት ሰዓት ያህል ጀምሮ ላብ፣ ማስታወክና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል፤ እጁም ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒ ቢሰጡት ቡናው ደረቱ ላይ ይደፋል። በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ትኩሳት ሊነሳበት፣ ያለበትን ሊረሳና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሰፈረበት» ይላል፤ ያስረዋል፣ ያስጾመዋል፣ ሌሊት በቀዝቃዛ ውኃ ያጠምቀዋል። በሆስፒታል ግን የሚያረጋጋ መድኃኒት እየተሰጠው በየቀኑ መጠኑ ይቀነሳል፤ የቫይታሚን ቢ 1 መርፌም ይወጋል፣ እጥረቱ የማስታወስ ችሎታን ስለሚጎዳ ነው። ማረጋጊያ ኪኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ በቤት እንዳትሰጡት፤ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ጸበሉን አልከለክልም፤ ሲረጋጋ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ። ቡድኑም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደግሜ እላለሁ፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በድንገት አያቁም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የምጠጣው ጫት ስቅም ለጨብሲ ብቻ ነው፤ ቡድኑ እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ ልጄ፣ ለጨብሲም ይሁን ለሠርግ ጉበትህ ልዩነቱን አያውቅም። ጫቱን ይዘህ መጠጡን ብቻ እተዋለሁ ማለት ራስን መደለል ነው፤ ስለ ሁለቱም ለባለሙያ ተናገር።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ ወራት ተቆጥረዋል። በማኅበር የሚቀርበውን ጠላ ብቀምስ ችግር አለው?

መልስ፦ ጠላም አልኮል ነው። ከማኅበርዎ አይቅሩ፤ ለማኅበሩ መሪ ለሙሴው አስቀድመው በግል ይንገሩና ያልፈላ ብርዝ ይቅረብልዎ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መጠጥ ከተወ በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱም አብጧል። ቡድኑ ውስጥ ያሉ ሰዎች በራሱ ይጠፋል አሉት።

መልስ፦ የቡድኑ ሰዎች ለመጽናት ይረዱታል እንጂ ጉበት አይመረምሩም። ይህ በሬዲዮ የሚመለስ አይደለም፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ደም ካስታወከ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደግሞ ነገን አይጠብቁ።