ፕሮፎርማው ላይ ያሉት ቃላት፦ ዌብሳይት ከማሠራታችሁ በፊት

(በስክሪኑ ላይ፦ ቱሉ ዲምቱ። ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ያለ የመጋረጃ ስፌት ቤት። ጥቅል ጨርቅ፣ የስፌት መኪና፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ወረቀት።)

ሰላም ጤና ይስጥልን። ያለነው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዲስ አበባ ጫፍ። እዚህ ሰፈር ቁልፍ ተረክቦ የሚገባ ሰው አይጠፋም። አዲስ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ሶፋ ሳይገዛ መጋረጃ ይሰቅላል። የፊት ለፊቱ ብሎክ ሁሉን ያያላ!

የዚህ ቤት ባለቤት እስካሁን ሥራ የምታገኘው በሰው በሰውና በቴሌግራም ነው። አሁን ዌብሳይት ልታሠራ ነው። አንድ ባለሙያ ፕሮፎርማ ሰጥቷታል። ዶሜይን፣ ሆስቲንግ፣ ኤስኤስኤል፣ ኤስኢኦ፣ ፔይመንት ጌትዌይ፣ ሜንቴናንስ ይላል። ከየጎናቸው ዋጋ አለ። ከታች ድምር። ምን ምን እንደሆኑ የሚያስረዳ ግን አንድ መስመር የለም።

ብዙ ባለሱቅ እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ይፈርማል። ብጠይቅ አላዋቂ እመስላለሁ ብሎ ይፈራል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ለፍታችሁ ያገኛችሁትን ብር ነው የምትከፍሉት፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ቃላቱን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። በማን ስም ነው የሚሆነው? የሚከፈለውስ አንዴ ነው ወይስ በየዓመቱ?

(በስክሪኑ ላይ፦ ፕሮፎርማው ቀረብ ብሎ ይታያል። ጣት "ዶሜይን" የሚለው ላይ ያርፋል።)

ከዶሜይን እንጀምር። ረዘም አድርጌ የማወራውም ስለሱ ነው፤ ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ መስመር ነውና።

ዶሜይን የዌብሳይቱ ስም ነው፤ መጨረሻው ዶት ኮም ወይም ዶት ኢቲ የሚለው። ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ቁጥሩ አይፒ አድራሻ ይባላል። ያን ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ደንበኛ የለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስ የሚባል ሥርዓት ተፈጠረ። እናንተ ስሙን ስትጽፉ እሱ ቁጥሩን ፈልጎ ያመጣል። የመጀመሪያው ዶት ኮም የተመዘገበውም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1985 ነው።

ስሙን የሚመዘግብላችሁ ድርጅት ሬጅስትራር ይባላል። ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶት ኮምን የሚመዘግቡ ድርጅቶች ግን በየአገሩ ብዙ ናቸው፤ ክፍያቸውም አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ነው። አንድ ዶት ኮም ቢያንስ ለ1 ዓመት፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል። ጊዜው አልቆ ካልታደሰ ዌብሳይቱ መከፈት ያቆማል። አብዛኞቹ ሬጅስትራሮች የተወሰነ የእፎይታ ጊዜ ይሰጣሉ። ያ ካለፈ ደግሞ 30 ቀን አለ። በነዚያ 30 ቀናት ስሙን ማስመለስ ይቻላል፤ የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ ግን ከእድሳቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያም ካለፈ ስሙ ይለቀቃል፣ የፈለገ ሰው ይወስደዋል። የተለቀቁ ስሞችን እየለቀሙ መልሰው በውድ የሚሸጡ አሉ። የቁማር ገጽ የሚያደርጓቸውም አሉ። ደንበኛችሁ መጋረጃ አያለሁ ብሎ ከፍቶ ቁማር ያገኛል ማለት ነው።

አሁን "በማን ስም" ወደሚለው እንምጣ። ብዙ ባለሙያ ዶሜይኑን በራሱ አካውንትና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። ተንኮል ላይሆን ይችላል። ለሱ ይቀለዋል፣ የሚከፈልበት ካርድም የሱ ነው። ሬጅስትራሩ ግን የሚያውቀው እሱን እንጂ እናንተን አይደለም። ታፔላችሁ ላይ፣ ቢዝነስ ካርዳችሁ ላይ፣ ፌስታላችሁ ላይ ያሳተማችሁት ስም መዝገብ ላይ የሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ብሏል። ባለሙያው ስልክ ቢቀይር፣ አገር ቢለቅ፣ ወይም ብትጣሉ፣ ማደሻ መንገድ የላችሁም።

ስለዚህ አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት። እሱ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ይክፈተው፤ ክፍያውንም እሱ ይፈጽመው፣ ችግር የለም። የይለፍ ቃሉ ግን እናንተ ጋ ይሁን። ኢሜይሉ ደግሞ በዚያው ዶሜይን ስም የተሠራ አይሁን። ዶሜይኑ ሲቋረጥ ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል። አድሱ የሚለው መልእክት የሚላከው እዚያው ስለሆነ አይደርሳችሁም።

(በስክሪኑ ላይ፦ ጣት ወደ "ሆስቲንግ" ይወርዳል።)

ሆስቲንግ የሱቅ ኪራይ በሉት። ጽሑፉም፣ ፎቶውም፣ ፎርሙም ቀንም ሌሊትም በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለበት። ያ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። ኪራይ ስለሆነ ካልተመቻችሁ ወደ ሌላ ትዛወራላችሁ። ዶሜይኑ በእጃችሁ እስካለ ድረስ ስማችሁ አይቀየርም፤ ደንበኛ መዛወራችሁን እንኳ አያውቅም።

ለመጋረጃ ቤት ሼርድ ሆስቲንግ ይበቃል። አንዱን ሰርቨር ብዙ ዌብሳይቶች የሚጋሩበት፣ ርካሹ ዓይነት ነው። ቪፒኤስ የሚል ካያችሁ ከሰርቨሩ ላይ ለብቻችሁ የተከለለ ድርሻ ማለት ነው። ለጀማሪ ሱቅ ለምን አስፈለገ ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ምክንያት ካለው ይነግራችኋል።

ዋጋው ላይ ግን ንቁ። ብዙ የሆስቲንግ ድርጅቶች የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ሰጥተው እድሳቱ ላይ ይጨምራሉ። በዚያ ላይ የዶላሩ ነገር አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ የሚወሰነው በገበያ ነው። ዘንድሮ በብር የተጻፈላችሁ ዋጋ ለከርሞ ላይሠራ ይችላል። የእድሳቱ ዋጋ በዶላር ስንት እንደሆነ ፕሮፎርማው ላይ አስጽፉ።

ኤስኤስኤልን ቶሎ እንለፈው። በደንበኛው ስልክና በሰርቨሩ መካከል የሚያልፈውን መረጃ የሚቆልፍ ሰርተፍኬት ነው። ካለ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ይጀምራል። ከሌለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ጎግል ክሮም ገጹን ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ነው ብሎ ይጽፍበታል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ተቋም ይህን ሰርተፍኬት በነፃ ይሰጣል፣ ብዙ የሆስቲንግ ድርጅቶችም ከኪራዩ ጋር አብረው ይሰጡታል። ለዚህ መስመር ብዙ ብር ከተጻፈ፣ ነፃው ለምን አልበቃም በሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኤስኤስኤል መንገዱን ይቆልፋል እንጂ ለሻጩ ታማኝነት ዋስ አይሆንም። አጭበርባሪ ገጽም ኤችቲቲፒኤስ ይኖረዋል።

(በስክሪኑ ላይ፦ ባለቤቷ መስኮት ላይ የተሰቀለ ጨርቅ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች።)

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ፣ ግን መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ዋጋ ሲቀየር ራሴ መቀየር እችላለሁ? ይሄን የሚያስችለው ሲኤምኤስ ይባላል፤ ኮድ ሳይነኩ ጽሑፍና ፎቶ የሚለወጥበት ማስተዳደሪያ ነው። ዎርድፕሬስ ከሁሉም የታወቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን ፕሮግራሙ ራሱ ነፃ ነው። የምትከፍሉት ለሚሠራው ሰው ጉልበትና እውቀት ነው፣ እሱም ይገባዋል። ቲም መልኩ ነው። ፕለግኢን ደግሞ ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራ ቅጥያ ነው። ጨርቅ በየሳምንቱ ዋጋው በሚለዋወጥበት ጊዜ፣ ለአንድ ቁጥር ባለሙያ መጥራት አያዋጣም።

ፎቶው ላይ ትንሽ እንቆይ። ስልኳ አሁን ያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው። እንዲህ ያለ 20 ፎቶ አንድ ገጽ ላይ ከተደረደረ 80 ሜጋባይት ይሆናል። ደንበኛዋ ይሄን የምትከፍተው በስልክ ጥቅል ነው፤ ገጹ እስኪሞላ አትጠብቅም፣ ትወጣለች። ያው ፎቶ ተጨምቆ ከ200 ኪሎባይት በታች ቢሆን በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ማንም አያየውም። ባለሙያውን ፎቶዎቹን ትጨምቃለህ ወይ በሉት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጨርቁ ብርሃን ከኋላው ሲመታው የሚያሳይ አንድ ፎቶ ይኑር። መጋረጃ የሚገዛ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለውን ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ጣት "ኤስኢኦ" ላይ።)

ኤስኢኦ ማለት ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ ገጻችሁ ወደ ላይ እንዲወጣ የሚሠራ ሥራ ነው። ለማስታወቂያ ከሚከፈለው የተለየ ነው። ማስታወቂያ ሰው በነካው ቁጥር ይከፈልበታል፣ ብሩ ሲያልቅ ይጠፋል። ኤስኢኦ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በሳምንት ውስጥ ጎግል ላይ አንደኛ አደርጋችኋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትክፈሉት። አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል የሚናገረው ጎግል ራሱ ነው።

ታዲያ ለዚህ መስመር ምን ይሠራል? ርእሱና ጽሑፉ ሰው በሚፈልግበት ቃል ይጻፋል። እዚህ የሚፈለገው "ዘመናዊ የቤት ውበት መፍትሔ" ተብሎ አይደለም፤ "መጋረጃ ቱሉ ዲምቱ"፣ "መጋረጃ ኮዬ ፈጬ" ተብሎ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉም ስላሉ እሱም ይታሰብበት። ሁለተኛው ጎግል ማፕ ላይ መመዝገብ ነው። ነፃ ነው፣ ራሳችሁም ታደርጉታላችሁ። የመንገድ ስም በማይታወቅበት ሰፈር፣ "ከታክሲ ወርደሽ በግራ ያለውን ፎቅ አልፈሽ" እያሉ በስልክ ከመምራት ሊንክ መላክ ይሻላል። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት ይሄን አስጨርስ ነበር።

ባለሙያው ምናልባት ትራፊክና ኮንቨርዥን የሚሉ ቃላትም ያነሳል። ትራፊክ ገጹን የሚከፍተው ሰው ብዛት ነው። ኮንቨርዥን ከዚያ ውስጥ የሚያዘው ነው። ለምሳሌ 200 ሰው ከፍቶ 4 ሰው ቢያዝ ከመቶ 2 ነው። እዚህ ላይ አቋሜን ልንገራችሁ። ለማስታወቂያ ከፍላችሁ 400 ሰው ከማምጣታችሁ በፊት፣ 196ቱ ለምን ዝም ብለው እንደወጡ እዩ። የዚህ ቤት የማዘዣ ፎርም መጀመሪያ የተነደፈው ስም፣ ኢሜይልና "መልእክት" ብቻ እንዲጠይቅ ነበር። መጋረጃ የሚያዝ ሰው ምን ብሎ ይጻፍ? አሁን የመስኮት ስፋት፣ ከኮርኒስ እስከ ወለል ያለው ቁመት፣ የክፍሉ ዓይነት፣ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ባለቤቷ ቁጥሩን እንዳየች ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚፈጅ አስልታ ትደውላለች። "እህቴ፣ ሳሎኑ ይሄን ያህል ይፈጃል" ትላለች፣ ወሬው እዚያው ያልቃል።

ይሄ ፎርም የሰው ስልክ ቁጥር ይሰበስባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኛን ቁጥር ለሌላ ነጋዴ ማቀበል እንደ ድሮው ቀላል ነገር አይደለም።

(በስክሪኑ ላይ፦ ስልክ ላይ የክፍያ መልእክት።)

ፔይመንት ጌትዌይ ደንበኛ ገጹ ላይ ሳለ የሚከፍልበት መስመር ነው። ክፍያው ሲገባ ለዌብሳይቱ ራሱ ያሳውቃል። ቻፓን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ይህን ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው ቴሌብርም ሆነ በባንክ ማስከፈል ይቻላል። ለመመዝገብ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር አዘጋጁ። ከየክፍያው ላይ በመቶኛ የሚቆረጥ ስላለ፣ ዋጋ ስታወጡ አስቡት።

ለዚህ ቤት ግን አሁን ያስፈልጋል? እኔ አይመስለኝም። መጋረጃ በልክ ይሠራል። ቀብድ ይከፈላል፣ ቀሪው ሲሰቀል ይሰጣል። በቀን ጥቂት ትእዛዝ ሲሆን ቀብዱን በቴሌብር ተቀብሎ መቀጠል ይቻላል። ጌትዌዩ የሚጠቅመው ዋጋቸው የተቆረጠ ዕቃዎች ብዙ ሆነው፣ እያንዳንዱን ክፍያ በዓይን ማረጋገጥ ሲያቅት ነው። እስከዚያ ይህ መስመር ከፕሮፎርማው ይውጣ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ደንበኛ የላከውን ስክሪንሾት አትመኑ። ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀናበራል። ብሩ መግባቱን ከራሳችሁ አካውንት አይታችሁ ጨርቅ ቁረጡ።

ቴሌግራሙንና ቲክቶኩንም አትተዉ፤ ደንበኛው ያለው እዚያ ነው። ቻናሉ ግን የኩባንያው ነው፣ አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። የዌብሳይቱን ሊንክ እዚያ ለጥፉና ሰው ሁለቱንም ይልመድ።

የቀረው ሜንቴናንስ ነው። ብዙ ጊዜ በደፈናው የሚጻፈው ይሄኛው ነው። ምን ምን እንደሚያካትት ይዘርዘር። ዎርድፕሬሱንና ፕለግኢኖቹን ማደስ አለበት፤ ያልታደሰ ፕለግኢን ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ባክአፕ አለበት፤ ማለትም የዌብሳይቱ ሙሉ ቅጂ በየስንት ጊዜው ይወሰዳል፣ የት ይቀመጣል? እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ የሚቀመጥ ባክአፕ ሰርቨሩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል።

(በስክሪኑ ላይ፦ ባለቤቷና ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ፣ ስልኩ በእሷ እጅ።)

ሥራው ሲያልቅ ርክክብ ይኑር። በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ የይለፍ ቃል ወደ ዶሜይኑ አካውንት ግቡ። ከዚያ ወደ ሆስቲንጉ፣ ከዚያ ወደ ዎርድፕሬሱ። ዶሜይኑ የሚያልቅበትን ቀን አይታችሁ ከአንድ ወር በፊት ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። የአንድ ጨርቅ ዋጋ ራሳችሁ ቀይሩና ገጹ ላይ መቀየሩን እዩ። ከጓደኛ ስልክ ላይ ፎርሙን ሞልታችሁ ላኩ፤ ትእዛዙ ይደርሳችኋል? የባክአፑን ቅጂ በፍላሽ ተቀበሉ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ነው ቀሪ ክፍያ የሚከፈለው።