ተጨማሪ ጥናቱን ማን ያጥናው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች፣ ከየሆስፒታሉና ከየፋብሪካው የመጣችሁ የዚህ ቤት ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ፋርማሲ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ዕድልና ችግር ተናገር ብለውኛል። ዕድሉን ዲኑ ቅድም ጨርሰውታል። እኔ ወደ ችግሩ ልሂድ። እሱም ቢሆን ወደ አንዱ ብቻ።

ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት አሠራር ጥናት) የተማረ ሁሉ ይህን የቴሲስ ርዕስ ያውቀዋል፦ «የእንትን ተክል ቅጠል 80 በመቶ ሜታኖል ኤክስትራክት በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ያለው ውጤት»። ቅጠሉ ሜታኖል በሚባለው አልኮል ተዘፍዝፎ የወጣው ጭማቂ በአይጥ ተሞከረ ማለት ነው። ሳቃችሁን ሰምቻለሁ። የብዙዎቻችን ነዋ! የተክሉን ስም ቀይሩት፣ ቅጠሉን ሥር አድርጉት፣ ሌላ ቴሲስ ይወጣዋል።

ሥራው ቀላል ነው አላልኩም። አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ከእኔ አጠገብ ያለው ላብ ውስጥ ስለምትሠራ ልፋቷን አይቻለሁ። ቅጠሉን ራሷ ገጠር ወርዳ ለቀመች፤ ጥላ ላይ አድርቃ ወቀጠችው። ሜታኖሉን ከአንዱ ተበድራ፣ ማጣሪያ ወረቀቱን ከሌላው ለምና ዘፈዘፈች። ኤክስትራክቱን ላድርቅ ስትል መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ማድረቂያው አልነሳም አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን የወባውን ጥገኛ ከአይጥ ወደ አይጥ እያዛወረች ማቆየት ነበረባት፤ የታመመችው አይጥ ከሞተች ጥገኛውም አብሮ ይሄዳላ። ጥገኛ ደግሞ በዓል አያውቅም። የፋሲካ ዕለት እናቷ ዶሮውን ይዘው ሲጠብቋት፣ እሷ ጋውኗን ለብሳ ከአይጥ ጅራት ደም እየወሰደች ስላይድ ላይ ትቀባ ነበር። በጊምሳ ቀለም ነክራ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ፣ በጥገኛው የተያዙትን ቀይ የደም ሴሎች ስትቆጥር መሸ።

ውጤቱ ጥሩ ሆነ። ጥገኛው በግልጽ ቀነሰ። ዲፌንሷ ላይ ፈታኙ «ታዲያ የሚሠራው ንጥረ ነገር የትኛው ነው?» አሏት። የመጨረሻውን ገጽ አነበበችላቸው፦ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል»። ኤክሰለንት አገኘች። አጨበጨብን፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ቴሲሱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ልጅ ያንኑ ተክል ከሌላ ወረዳ ይዞ መጣ። ያንኑ 80 በመቶ ሜታኖል! የእሱም የመጨረሻ ገጽ ምን እንደሚል ልንገራችሁ ወይስ ገብቷችኋል?

ተጨማሪ ጥናቱን ማን ያጥናው? ለማን ነው የምንመክረው? ለጎረቤት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1971 ቻይና ውስጥ የሳይንቲስቷ የቱ ዩዩ ቡድን አርቴሚሲያ የተባለውን ተክል ኤክስትራክት በወባ ለተያዙ አይጦች ሰጠ። ጥገኛው ድራሹ ጠፋ። በዚያ ሰዓት የቆሙት የእኛ ልጅ የቆመችበት ቦታ ላይ ነው። እነሱ ግን በዓመቱ የሚሠራውን ንጥረ ነገር፣ አርቴሚሲኒንን፣ ለይተው አወጡ። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። ልጆቻችን ከእነሱ በጭንቅላት ያንሳሉ? አያንሱም! እዚያ ግን መንግሥት ያዘዘው የብዙ ተቋማት ሥራ ነበር፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበለዋል።

ቻይና ሩቅ ነው የሚል ካለ እንዶድን ያስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓመታት ደከሙበት። የውጭዎቹ ተቋማት ደግሞ የመርዛማነት ምርመራው እኛ በምናምንበት ላብ ይሠራ እያሉ አጓተቱት። ለዚህ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት! ያን ጊዜ ማንም የማይጠራጠረው ላብ አገር ውስጥ ቢኖርስ? ዛሬስ አለን?

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። ትምህርት ቤቱ ጥቂት ተክሎች ይምረጥና ዓመታት ይቆይባቸው። ፋርማኮሎጂ የጀመረውን የመድኃኒት ኬሚስትሪ ይውሰድ። ንጥረ ነገሩ ሲለይ ፋርማሱቲክስ እንክብል ያድርገው። ሁሉም በየክፍሉ በሩን ዘግቶ የራሱን ቅጠል የሚቀቅልበት አሠራር ይብቃ!

ስለ ፋብሪካዎቻችንም ልናገር ይዤ ነበር። ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ እያስመጡ ታብሌት ያመርታሉ፤ ታብሌቱ አልሟሟ ሲላቸው ግን ወደዚህ ግቢ አይመጡም። እኛም አንሄድም። ክሊኒካል ፋርማሲውን ሌላ ሰው ይናገርለት፤ ሰዓት ጠባቂው እያየኝ ነው።

የክፍል ኃላፊዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል፣ ጥሩ ነው። የቴሲስ ርዕስ ማጽደቂያው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «ይህ ሥራ ከማን ቴሲስ የቀጠለ ነው?» ባጀት አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። አንድ መስመር ነው። የሚቃወም ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣ።

አመሰግናለሁ።