«አሠልጣኝነት ሥራ ነው እንዴ?»

በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁም ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም ያንን ሁሉ ትራፊክ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ድምፄ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

ባለፈው ዓመት ልምምድ ቦታ ላይ አንዲት እናት ጠጋ አሉኝ። «ልጄ ኮሌጅ ጨርሶ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ እሆናለሁ ይላል። አሠልጣኝነት ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መሃላችን ስላሉ ልመልስላቸው።

እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አለ። በ2006 (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ይቅርታ) የቅርጫት ኳስ ቡድኑ አሜሪካንን ጉድ አሰኘ። በኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር ድልድል 11ኛ ተብሎ ገብቶ ሚሺጋን ስቴትን፣ ኖርዝ ካሮላይናን፣ ዊቺታ ስቴትን አሰናበተ። ከዚያ ዲሲ፣ ቻይናታውን ባለው አዳራሽ ኮኔክቲከትን በተጨማሪ ሰዓት 86 ለ 84 ረታና ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። ኮኔክቲከት ደግሞ ቀልድ አልነበረም። በዚያው ዓመት አራት ልጆቹ በኤንቢኤ ድራፍት፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል። እኔ ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ሰዉ አረንጓዴና ቢጫ ለብሶ ይጮኻል። ቀይ ብትጨመርበት የኛ በዓል ነው የሚመስለው። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው።

የቡድኑ አሠልጣኝ ጂም ላራኔጋ ይባላል። ያኔ 56 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው ስሙን የሰማው ያን ሰሞን ነው። መንገዱን ግን ተመልከቱት። የብሮንክስ ልጅ ነው። ለፕሮቪደንስ ኮሌጅ ተጫወተ። በ1971 የኤንቢኤው ቡድን ዲትሮይት ፒስተንስ መረጠው፤ ኤንቢኤ ግን አልተጫወተም። በዚያው ዓመት ዴቪድሰን ኮሌጅ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ ገባ። አለቃው ቴሪ ሆላንድ ነበር። ከዚያ ቤልጂየም ሄዶ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆነ። ሲመለስ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ በሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሁለት ዓመት ሠራ። ቅርጫት ኳስ ራሱ በ1891 የተፈለሰፈው እዚያ ከተማ ነው።

አሁን የምወደው ቦታ ላይ ደረስኩ። በ1979 ሆላንድ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጠራው። ለምን ቦታ? ለረዳትነት! ዋና የነበረው ሰው እንደገና ረዳት ሆነ። እኛ ዘንድ ቢሆን «ወረደ» ተብሎ ለቅሶ ቤት ሁሉ ይወራ ነበር። እሱ ግን ሰባት ዓመት ቆየ። ቡድኑ በነዚያ ዓመታት ሁለት ጊዜ፣ በ1981 እና በ1984፣ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባ።

ረዳት ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ማንም የማያየውን ነው። ተጫዋች ፍለጋ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ወላጅ ያሳምናል። የተጋጣሚን ቪዲዮ እስከ እኩለ ሌሊት ያያል። ጠዋት ስፖርት አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ዋናው ደግሞ ካሜራው ፊት ይቆማል፣ ሲሸነፉም ይባረራል። በወንዶች አንደኛ ዲቪዚዮን፣ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከፍተኛው ደረጃ፣ ከ350 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ዋና ወንበር ብቻ ነው ያለው። ረዳቶቹ ግን ብዙ ናቸው። ስንቱ ተሰልፎ እንደሚጠብቅ አስቡት።

ላራኔጋ ከዚያ ኦሃዮ፣ ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ 11 ዓመት ሠራ። በ1997 ሜሰን ገባ። ያ የ2006 ተአምር የመጣው ሥራ በጀመረ በ35ኛው ዓመት ነው። በ2011 ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ2023 እነሱንም ከመጨረሻዎቹ አራት አስገባ። በ2024 ታኅሣሥ ግን፣ በ75 ዓመቱ፣ ውድድሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀ። ተጫዋቾች እንደልብ ትምህርት ቤት የሚቀይሩበት አሠራርና ለተጫዋቾች የሚከፈለው ገንዘብ ሥራውን እንደለወጠው ተናገረ፤ ደክሞኛል አለ። ይህን የምነግራችሁ መንገዱ አልጋ በአልጋ እንዳይመስላችሁ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እያደረግን ነው? ሁለት ጨዋታ ስንሸነፍ የወላጆች የቫይበር ግሩፕ «አሠልጣኝ ይቀየር» በሚል ይሞላል። እኔም አንዴ ጽፌያለሁ፤ አልክድም። ረዳቶቻችን ደግሞ በራሳቸው ቤንዚን ልጆቻችሁን ከቤት ቤት እየለቀሙ ውሃ እንኳ የሚያቀብላቸው የለም። ስለዚህ በአጀንዳ ቁጥር 3 አንድ ሐሳብ ታገኛላችሁ፦ ለእያንዳንዱ ቡድን ረዳት የቤንዚንና የሥልጠና ወጪ ማኅበሩ ይሸፍን የሚል ነው። አንብቡት፤ ከዚያ ተከራከሩበት።

ለጠየቁኝ እናት፦ አዎ፣ ሥራ ነው። ለብዙ ዓመት ግን ሥራ አይመስልም። ከ12 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ለቅዳሜ ጠዋት ረዳት ይፈልጋሉ። ልጅዎ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጣ፤ የአዳራሹን ቁልፍ እኔ እሰጠዋለሁ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርታቸውን ያቀርባሉ። ቡናው ከዚያ በኋላ ነው።