በአንድ ወገን ብቻ የሚታፈን አፍንጫ

የተከበራችሁ የጅማ እንጨት ሠሪዎች፣ እንደምን አላችሁ?

ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ አገር ያውቀዋል። የሠሪውን አፍንጫ ግን የሚጠይቅ የለም። ዛሬ የመጣሁት ለሱ ነው።

በጉንጫችን፣ በግንባራችንና በዓይኖቻችን መካከል አየር የሞላባቸው ክፍተቶች አሉ። ሳይነስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። እዚያ ከሚነሱት ካንሰሮች በብዛት የሚታየው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ከጉንጩ ክፍተት ነው። በሽታው ብዙ ሰው አይዝም። ክፋቱ መደበቁ ነው። ቦታው ክፍት ስለሆነ ዕጢው ሳያሳምም ያድጋል።

ታማሚው መጀመሪያ «ሳይነሴ ተነሳብኝ» ይላል። ዳማከሴ ያሸታል፣ በባህር ዛፍ ይታጠናል፣ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ይገዛል። ወራት ያልፋሉ። ከዚያ የላይኛው ጥርሱ ይነቃነቃል። ያስነቅለዋል። ጥርሱ ወጥቶም ጉድጓዱ አልድን ይላል። ጉንጩ ይደነዝዛል፣ አንድ ዓይኑ ወደ ውጭ ይገፋል። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ያኔ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። ጉንፋን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ቀዳዳ ይይዛል። አንዱ ብቻ ታፍኖ፣ ደም የቀላቀለ ንፍጥ እየወጣ ሦስት ሳምንት ካለፈ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። በቀጭን ካሜራ ያያል፣ ሲቲ ስካን ያዛል፣ ናሙና ይወስዳል። ናሙናውን አትፍሩት፤ ያለሱ ሕክምናው አይጀመርም። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ብዙ ጊዜም ጨረር ይከተለዋል። ጨረር ለዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን እዚሁ ጅማም ተጀምሯል።

ሰጋቱራውስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብናኙ በይበልጥ የሚያያዘው አዴኖካርሲኖማ ከሚባለው ሌላው የሳይነስ ካንሰር ጋር ነው። ለስኳመሱ ደግሞ ሲጋራ አንዱ መንስኤ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ቅንድባችሁ ላይ የሚያርፈው ዱቄት አፍንጫችሁም ይገባል። ከመላጊያው ፍቅፋቂ ይልቅ የሚያሰጋው እሱ ነው። ማስክ አድርጉ። ከመጥረጋችሁ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ እርጩ። ወርክሾፕ ያላችሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት ስትገዙ ማስኩንም አብራችሁ ግዙ፤ ለተለማማጅ ልጆቹም ጭምር።

ከመካከላችሁ አፍንጫው በአንድ ወገን ብቻ የታፈነ ካለ፣ ስንጨርስ ቆይቶ ያናግረኝ። እዚሁ ነኝ።