ጃኬቴን ያበላሸው ጣና አይደለም

[ምስል፦ ማለዳ። ከደብረ ማርያም ደሴት ፊት ለፊት አንድ ካያክ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ይቺን ጃኬት እዩልኝ። ጣና ላይ ለመቅዘፍ ብዬ ነው የገዛኋት። በመጀመሪያው ክረምት ጠብታ አላሳለፈችም። በሁለተኛው ግን ደብረ ማርያም ሳልደርስ እስከ ካናቴራዬ ራስኩ። ጥፋቱ የኔው ነው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግዢው። "ውሃ አያስገባም" ሲሏችሁ ጃኬቱን ገልብጡት። ስፌት ማለት በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ ነው። ከውስጥ በቴፕ ካልታሸገ ጨርቁ የቱንም ያህል ቢወደድ ውሃ ይገባል። ሰልባጅ ከሆነ ቴፑን በጥፍር ጫር ጫር አድርጉት፤ ከተላጠ ተዉት። 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ጽሑፍ ካለው ጨርቁ የ10 ሜትር የውሃ ዓምድ ግፊት ይችላል ማለት ነው።

[ምስል፦ የእጅጌ ጫፍ በቅርብ]

እጅጌውን አትርሱ። መቅዘፊያውን ሽቅብ ባነሳችሁ ቁጥር ውሃው በዘንጉ እየወረደ ክንዳችሁ ውስጥ ይገባል። አንጓው ላይ ጥብቅ የሚል ይሁን። የጎማ ዝናብ ልብስስ? ውሃ አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም። ከሥር ደግሞ ጥጥ አትልበሱ። ባሕር ዳር ሞቃት ናት ብላችሁ አትሸወዱ፤ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ እርጥብ ካናቴራ ያንቀጠቅጣል። ላይፍ ጃኬት ከላይ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሸሁት፣ ማለስለሻ ጨመርኩ፣ እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄ አስቀመጥኩ። ከጃኬቱ ላይ ውሃ የሚንከባለለው ስስ ቅብ ስላለው ነው። የሳሙናና የማለስለሻ ትራፊ ሲቀርበት ውሃው ይሰርጋል፤ ላብም መውጫ ያጣል። እርጥበትና ሙቀት ሲደራረቡ ደግሞ የውስጡ ሽፋን ይላጣል።

ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳታሹ እጠቡት። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁት። ጥላ ላይ ስቀሉት። ታንኳ ሠሪዎቹ እንኳ ደንገሉን ከውሃ አውጥተው ያደርቁት የለ! ውስጡ የተሰፋው የእጥበት መመሪያ ከፈቀደ ቀዝቀዝ ያለ ካውያ ጨርቅ አልብሳችሁ አሳርፉበት፤ ሙቀቱ ቅቡን ያነቃዋል።

[ምስል፦ ከጣሳ ውሃ ጃኬቱ ላይ ይፈሳል]

እዩት። ደረቱ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባለለ። ትከሻው ላይ ግን ሰረገ፤ ላይፍ ጃኬቱ የሚፋተግበት ቦታ ነው። ለሱ የሚረጭ ቅብ ገዝቻለሁ። ነገ እረጨዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ማርያም።