ዓሣን በኤሌክትሪክ ሲይዙ ራስን ከንዝረት መጠበቅ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለጥናት ሲባል ዓሣን በኤሌክትሪክ አደንዝዘው የሚይዙ አድማጮች የላኳቸውን ጥያቄዎች ባለሙያችን እንደሚከተለው መልሰዋል።

በጀርባ የምናዝለው መሣሪያ በባትሪ የሚሠራ ነው። እውነት ሰው ይገድላል?

ይገድላል። ባትሪው ብቻውን አያስፈራ ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ኃይሉን ወደ መቶዎች ቮልት ከፍ አድርጎ ነው ውሃው ውስጥ የሚለቀው። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በመጠኑ ይከላከላል፣ ሲርስ ግን መከላከያነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የከፋው ኤሌክትሪክ ከአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው፤ መንገዱ በደረት፣ በልብ በኩል ነውና። አንድ እጅዎ ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ውሃ ውስጥ የሚለቀውን ብረት፣ ነክቶ ሌላው ውሃ ውስጥ ከሆነ መንገዱን ራስዎ ሠሩለት ማለት ነው።

በምርኩዙ (ኤሌክትሮዱን ጫፉ ላይ በያዘው ዘንግ) ላይ ያለውን ማብሪያ ቀኑን ሙሉ ተጭኖ መዋል ጣትን ያደክማል። ባልደረባዬ በፕላስተር አሰረው። ችግር አለው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ማብሪያው ጣት ሲለቀው እንዲጠፋ የተሠራው በምክንያት ነው። ሰው አድጦት ሲወድቅ ምርኩዙን ይለቃል፣ ኤሌክትሪኩም ያኔውኑ ይቋረጣል። በፕላስተር ከታሰረ ግን ሰውየው ውሃ ውስጥ ተዘርሮ ኤሌክትሮዱ አጠገቡ መሥራቱን ይቀጥላል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሲያጋድሉ ወይም ውሃ ሲገባባቸው ራሳቸውን የሚያጠፉበት ተጨማሪ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ እርሱም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈተሽ። ጣት ከደከመ ምርኩዙን ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው። ፕላስተሩን ዛሬውኑ ያንሱት።

እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ከለበስኩ ዓሣውን በባዶ እጅ ማንሳት እችላለሁ?

አይችሉም። ሱሪው የሚከላከለው የሸፈነውን ብቻ ነው፤ ያውም ካልተቀደደ። ውሃ እንደገባበት ከተሰማዎት ኤሌክትሪኩን አስጠፍተው ይውጡ። ለኤሌክትሪክ ሥራ የተሠራና ቀዳዳ የሌለው ረጅም የጎማ ጓንት ያስፈልጋል፤ የመረቡ እጀታም ብረት መሆን የለበትም። ከኋላ የሚጎተተውን ገመድ መሰል ሁለተኛ ኤሌክትሮድ (ካቶድ) አይርሱት፤ ሰዎች በምርኩዙ ጫፍ ያለውን (አኖዱን) ፈርተው እርሱን ይረግጣሉ።

ለጀልባ ሥራ ተራ ጄኔሬተር ብንጠቀምስ?

አይሆንም። በብዙ ተራ ጄኔሬተሮች ላይ አንዱ መስመር ከብረት አካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የጀልባው ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው መስመሩ ከአካሉ የተለየ ነው። በጀልባው ላይ ያሉ ብረቶች በሙሉም በሽቦ ከጀልባው አካል ጋር መያያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ሁለት ብረት በአንድ ጊዜ የነካ ሰው ሊነዘር ይችላል።

ባልደረባችን ኤሌክትሪክ ቢይዘው መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ኤሌክትሪኩን አጥፉ። ዘልሎ መግባት ሁለተኛ ተጎጂ መጨመር ነው። ኃይሉ መቋረጡን ካረጋገጣችሁ በኋላ ወደ ዳር አውጡት፤ እርዳታ እንዲመጣም ተጣሩ። የማይተነፍስ ከሆነ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ የደረቱን መሐል በኃይል ተጫኑ። የልብ መቀስቀሻ መሣሪያ ካለ ደረቱን አድርቃችሁ ተጠቀሙ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ የሚያደርግለት የለም፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሆናችሁ፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው ይዛችሁ ውጡ።

በደረቴ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ተተክሎልኛል። በጥንቃቄ ብሠራስ?

አይሥሩ። ጀልባው ላይም አይውጡ። የተያዘውን ዓሣ ዳር ላይ ሆነው ይለኩ፣ ይመዝግቡ።