የምኩራብ አለቃዋ ሩፊና

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች ሴት ላወራችሁ ነው።

ሩፊና ትባላለች። አይሁዳዊት ናት። በሮማውያን ዘመን የኖረችው በሰምርኔስ ነው፤ የዛሬዋ ኢዝሚር፣ ቱርክ ውስጥ። አዎ፣ ያቺው በራእየ ዮሐንስ የምናውቃት ሰምርኔስ። ስለ ሩፊና ያለን መረጃ በሙሉ አንድ ድንጋይ ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ አጭር ጽሑፍ ነው። የሚለው በግርድፉ እንዲህ ነው፤ አይሁዳዊቷ ሩፊና፣ የምኩራብ አለቃ፣ ነጻ ላወጣቻቸው ባሪያዎቿና በቤቷ ላደጉት ይህን መቃብር አሠራች። ሌላ ሰው እዚህ መቅበር አይችልም። የደፈረ ለተቀደሰው ግምጃ ቤት 1500 ዲናር፣ ለአይሁድ ሕዝብ ደግሞ 1000 ዲናር ይከፍላል። የዚህም ጽሑፍ ቅጂ መዝገብ ቤት ገብቷል።

ሴትየዋ ቀልድ አታውቅም! በወንጌሉ የወይን አትክልት ምሳሌ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው አንድ ዲናር ነው። በዚያ ካሰብነው ቅጣቱ የ2500 ቀን ደሞዝ ነው። ደግሞ ድንጋዩ ቢሰበር እንኳ ክርክር እንዳይነሳ ቅጂውን መዝገብ ቤት አስገብታለች።

ጽሑፉ በ1883 በፈረንጆቹ (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ታትሞ ምሁራን እጅ ገባ። ታዲያ “የምኩራብ አለቃ” የሚለውን ሲያዩ ብዙዎቹ ምን አሉ? የክብር ስም ነው አሉ። ወይ ደግሞ ባሏ ነው አለቃው አሉ። ወንጌል ላይ ኢያኢሮስ የምኩራብ አለቃ ሲባል ግን እነዚሁ ሰዎች የክብር ነው አላሉም። የሐዋርያት ሥራ ላይ ቀርስጶስም እንደዚያው። ወንድ ሲይዘው ሥራ፣ ሴት ስትይዘው ጌጥ።

ይሄ ነገር ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ተራ እውነት ሲደጋገም ቆየ። ከዚያ በርናዴት ብሩተን የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ መጡ። በ1982 ባወጡት መጽሐፍ ሴቶች የምኩራብ አለቃ፣ ሽማግሌ፣ የምኩራብ እናት እና የመሳሰለውን ማዕረግ ይዘው የተጠቀሱባቸውን 19 የግሪክኛና የላቲን ጽሑፎች አንድ ላይ አቀረቡ። ልብ በሉ፣ አዲስ ድንጋይ ቆፍረው አላወጡም። ሁሉም ቀድሞ የታወቀ ነበር። እሳቸው የጠየቁት፣ ቆይ፣ ባልየው የት አለ? ብለው ነው።

የለማ! ሩፊና ድንጋይ ላይ ባል የለም። ቀርጤስ ውስጥ የጎርቲናዋ ሶፊያ ሽማግሌና የምኩራብ አለቃ ተብላ ተጽፋለች፤ ባል አልተጠቀሰም። ከትንሹ እስያ የሚንዶስ ከተማ ደግሞ ቴዎፔምፕቴ አለች። እሷ የተጠቀሰችው ከልጇ ከአውሳብዮስ ጋር ነው። ማዕረጉ ግን የእሷ እንጂ የልጇ አይደለም።

እዚህ ጋ አክስቴ ትዝ አለችኝ። የእድራቸው ገንዘብ ያዥ ናት። ደረሰኝ ፈልጎ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በር ላይ እሷን እያየ “ጋሼ አሉ?” ይላል። አክስቴ ትስቃለች። እኔ ብሆን አልስቅም።

ሚዛናዊ ለመሆን ግን የተቃዋሚዎቹንም ላንሳ፤ ባዶ ወሬ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ቬኖሳ በሚባል ከተማ የሦስት ዓመት ሕፃን የምኩራብ አለቃ ተብሎ የተጻፈበት መቃብር አለ። ሕፃን አይመራ፤ ስለዚህ ስሙ የክብር ነው ይላሉ። የሕፃኑ እሺ። ሴቶቹን ከሕፃኑ ጋር ማን መደባቸው? ለምን ከኢያኢሮስ ጋር አልሆነም? በ1993 ደግሞ ቴሳ ራጃክና ዴቪድ ኖይ የሚባሉ ምሁራን ማዕረጉ ለወንዶችም ቢሆን በአብዛኛው ከሀብትና ከልግስና ጋር የተያያዘ ክብር ነው ብለው ተከራከሩ። ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ባልገዛውም አከብረዋለሁ። ቢያንስ ሚዛኑ ለሁለቱም አንድ ነው።

ብሩተን ከዚያ በፊትም በ1977 ሮሜ ምዕራፍ 16 ላይ ስላለችው ዩንያ ጽፈዋል። ጳውሎስ ከሐዋርያት ጋር የጠቀሳት፣ ዘመዴ ያላት ሴት ናት። በኋለኛው ዘመን ስሟን የወንድ አድርገው ያነበቡ መጡ። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን በአራተኛው ክፍለ ዘመን ሴት መሆኗን አውቆ ነው ያሞገሳት። ስለ ሴቶች ሲሰብክ ምላሱ እንደማይምር የምታውቁ፣ እስቲ አስቡት።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ። ሩፊናን ጀግና አድርጌ ላስቀምጣት ስል፣ ያው ድንጋይ ይይዘኛል። ነጻ ያወጣቻቸው ባሪያዎች ይላል። ስለዚህ ሰው ነበራት፤ በንብረትነት። መቃብር ማሠራቷ ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ሀብቷንም ማሳየት ሊሆን ይችላል። የእሷ ስምና ማዕረግ በክብር ተቀርጿል። ከሚቀበሩት የአንዳቸውም ስም የለም።

ብሩተን ራሳቸው በኋላ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ብዙ የሠሩት በባርነት ላይ ነው፤ በተለይ በባርነት ስር በነበሩ ሴቶች ላይ። በ2010 በዚሁ ጉዳይ የብዙ ጸሐፊዎችን ጽሑፍ ሰብስበው አሳትመዋል። ይሄ ጉዞ ነው በጣም የማደንቅላቸው። ሴት መሪ አገኘሁ ብለው እዚያው ላይ ጨብጭበው ማቆም ይችሉ ነበር። ለዚህ ነው ሩፊናን በማርች 8 ሰሞን ፎቶ ሠርታችሁ አጋሩልኝ የማልላችሁ። አለቃ ነበረች ብዬ አምናለሁ። ባሪያ አሳዳሪም ነበረች።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ባባታ እናወራለን። ሙት ባሕር አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሰነዶቿ የተገኙላት፣ የተምር እርሻ የነበራት፣ ከልጇ ሞግዚቶች ጋር በገንዘብ የተካሰሰች ሴት ናት። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።